ለቤተ ክርስቲያን ቪዲዮ ትክክለኛውን ባለሙያ እንዴት እንምረጥ?



ዛሬ የማካፍላችሁ ርእስ በመድረክ ላይ ብዙ አይነገርለትም። ነገር ግን አብያተ ክርስቲያናት በየዓመቱ ከምእመናን መባ የተሰበሰበ ገንዘብ ያወጡበታል፤ አንዳንድ ጊዜም ከገንዘቡ ይልቅ የማይተካ ነገር ያጡበታል። እርሱም የቪዲዮ ሥራ ነው። የምሥረታ በዓል ሲደርስ፥ መዘምራን አዲስ መዝሙር ሲያዘጋጁ፥ የወንጌል መልእክተኞችን አገልግሎት ለደጋፊዎች ለማሳየት ሲፈለግ፥ ለአዳራሽ ግንባታ ገንዘብ ለማሰባሰብ ሲታሰብ "ቪዲዮ ይሠራ" የሚል አሳብ ይነሣል። አሳቡ መልካም ነው። "ማን ይሥራው?" የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ በአምስት ደቂቃ ውስጥ መልስ ያገኛል፦ "ወንድም እገሌ ካሜራ አለው።"

የምጽፍላችሁ ከሐዋሳ ሲሆን በተለይ በመናኸሪያ ክፍለ ከተማና በዙሪያዋ ያሉትን አጥቢያዎች እያሰብሁ ነው። የሌላ ከተማ አንባቢም የራሱን ሰፈር በዚህ ውስጥ ያገኛል ብዬ አምናለሁ።

ጥፋቱ የካሜራው አልነበረም

ስሟን የማልጠቅሳት አንዲት አጥቢያ የምሥረታ በዓሏን ምክንያት በማድረግ ታሪኳን በቪዲዮ ለማዘጋጀት ወሰነች። በደርግ ዘመን አዳራሻቸው ተወስዶባቸው በየቤቱ ተደብቀው ይጸልዩ የነበሩ፥ አንዳንዶቹም ስለ ወንጌል የታሰሩ ስድስት አባቶችና እናቶች እንዲናገሩ ተመረጡ። ባለሙያ ሲፈለግም በሰርግ ሥራው በከተማው የታወቀ፥ ጥሩ ካሜራ ያለው ሰው ተገኘ። ቀረጻው በግቢው ውስጥ በዛፍ ጥላ ሥር ተደረገ። ምስሉ እጅግ ያማረ ነበር፤ የአባቶች ሽበት፥ በቅጠሉ መካከል የሚገባው ብርሃን፥ ሁሉም ጥሩ ነበር። ድምፁ ሲከፈት ግን የሚሰማው የባጃጅ ጩኸት፥ "ዲላ! ዲላ!" የሚል የረዳት ጥሪና ነፋስ ሆነ። የአባቶች ቃል ከሥር እንደ ማጉረምረም ብቻ ይሰማል። "እንደገና እንቅረጽ" ተብሎ ቀን ሲቆረጥና ሲተላለፍ ከስድስቱ ሁለቱ ወደ ጌታ ተሰበሰቡ።

ያ ባለሙያ ሰነፍ አልነበረም፤ አታላይም አልነበረም። በሰርግ ቪዲዮ ላይ ብዙውን ጊዜ ዜማ ከላይ ስለሚደረብ በቦታው ያለው ድምፅ ያን ያህል አይፈለግም። ስለዚህ ለዓመታት የሠራው ሥራ ምስል እንዲያሳምር እንጂ ንግግር እንዲቀርጽ አላስተማረውም። የሚያውቀውን በሚገባ ሠራ። የቀጠረው ኮሚቴ ግን "የሽማግሌ ንግግር ቀርጸህ ታውቃለህ? እስቲ አሰማን" ብሎ አልጠየቀውም። እኔ እንደሚመስለኝ በባለሙያ ምርጫ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው፤ ይህ የእኛ ሥራ በውስጡ ያለው ከባዱ ነገር ምንድን ነው? ይህ ሰው ያንን ከባዱን ነገር ከዚህ በፊት ሠርቶት ያውቃል ወይ? ካሜራው ስንት እንደ ተገዛ የሚጠየቀው ከዚህ በኋላ ነው፤ ባይጠየቅም ብዙ አይጎዳም።

የኢዮአስ ሣጥን

"ይህ ሁሉ ሥጋዊ ጉዳይ ነው፤ ጌታ ከረዳን በማንም ይሠራል" የሚሉ ቅን ወገኖች አሉ። እነርሱን በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 12 ያለውን የንጉሥ ኢዮአስን ታሪክ እንዲያነቡ እጋብዛለሁ። ንጉሡ ወደ ቤተ መቅደስ በሚገባው ገንዘብ የቤቱ ፍራሽ እንዲጠገን ካህናቱን አዘዘ። እስከ ሃያ ሦስተኛው ዓመተ መንግሥቱ ድረስ ግን ፍራሹ አልተጠገነም ነበር። መጽሐፉ ካህናቱን ሌቦች አይላቸውም። ሥራው በእጃቸው ነበር፤ ነገር ግን አልተሠራም። በመጨረሻም ካህኑ ዮዳሄ ክዳኑ የተበሳ ሣጥን በመሠዊያው አጠገብ አኖረ፤ ገንዘቡን የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ አብረው ቆጠሩት፤ ከዚያም ለአናጢዎች፥ ለግንበኞችና ለድንጋይ ወቃሪዎች ተከፈለ። ቤቱ የተጠገነው ከዚህ በኋላ ነው። እነዚያ ሠራተኞች ታማኞች ስለ ነበሩ የሒሳብ ቁጥጥር እንኳ አልተደረገባቸውም ይላል ምዕራፉ።

ከዚህም በፊት እግዚአብሔር የመገናኛውን ድንኳን ሲያሠራ ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ የእጁን ጥበብ የመንፈሱ ስጦታ አድርጎ እንደ ተናገረለት፥ ረዳትም ኤልያብን እንደ ሰጠው በዘጸአት 31 እናነባለን። በ1ኛ ዜና 15፥22 ደግሞ ክናንያ ዜማውን የመራው አዋቂ ስለ ነበረ ነው። ሙያ ከመንፈሳዊነት ጋር የሚጣላ ነገር ሆኖ በመጽሐፍ ቅዱስ አላገኘሁትም።

ከራሳችን አገርም ምሳሌ አለን። በዕድሜ የገፉ ወገኖች የብሥራተ ወንጌልን ሬዲዮ ያስታውሱታል። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በ1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥርጭቱን ያስጀመረው ይህ ጣቢያ በ1969 ዓ.ም. በደርግ እስኪወረስ ድረስ በብዙ ቋንቋዎች ወደ አፍሪካና ወደ እስያ ይሰማ ነበር። ጸሎቱ እንደ ተጠበቀ ሆኖ መሐንዲሱ የምሕንድስናውን፥ ጋዜጠኛው የጋዜጠኝነቱን፥ ሰባኪው የስብከቱን ሥራ ይሠራ ነበር። ሰባኪውን ማሠራጫውን እንዲጠግን ያዘዘው አልነበረም። ዛሬ ግን አንድን ወጣት ወንድም ቀራጭ፥ መብራት አስተካካይ፥ ድምፅ ተቆጣጣሪ፥ ኤዲተርና ሹፌር አድርገን ስናበቃ ሥራው ለምን እንደ ዘገየ እንጠይቀዋለን።

ባለሙያ ከመፈለጋችሁ በፊት

ጌታ ግንብ ሊሠራ ስላሰበው ሰው በሉቃስ 14፥28 የተናገረውን ሁላችን እናውቀዋለን። ለቪዲዮም ተቀምጦ ኪሣራን መቁጠር ይገባል። ከማንም ጋር ከመነጋገራችሁ በፊት በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ይህን ጻፉ፦ ቪዲዮው ለማን ነው? የት ይታያል፥ በአዳራሽ በፕሮጀክተር ነው ወይስ በስልክ? ስንት ደቂቃ ነው? በየትኛው ቋንቋ? መቼ ይፈለጋል? ምን ያህል ገንዘብ አለን? የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ማን ነው? ይህን ወረቀት ሳትይዙ ፕሮፎርማ ብትሰበስቡ ሦስቱ ሰዎች ሦስት ልዩ ልዩ ሥራ እያሰቡ ዋጋ ይሰጧችኋል፤ እናንተም ርካሹን ትመርጣላችሁ።

ወረቀቱ ሲጻፍ ከባዱ ነገር ራሱ ይታያል። የምሥክርነትና የታሪክ ቪዲዮ ከሆነ ከባዱ ነገር ድምፅ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የምትፈልጉት የድምፅ ባለሙያ ነው። እንደ መናኸሪያ ባለ ሰፈር ይህ ሰው ገና ሳይቀረጽ ቦታውን መጥቶ ማዳመጥ አለበት። ጥሩ ባለሙያ ግቢው ሲገባ ዓይኑን ሳይሆን ጆሮውን ሲያቆም ታዩታላችሁ፤ አውቶቡሶች በብዛት የሚወጡበትን ሰዓት ይጠይቃል፤ በክረምት ከሆነ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ዝናብ ሲወርድ ምን እንደሚደረግ ያስባል። መብራት ቢጠፋ ጀነሬተሩ ስለሚጮህ ባትሪ ይዞ ይመጣል። ማይኩን ከተናጋሪው አገጭ በታች አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ አድርጎ በልብሱ ላይ ያያይዛል፤ በራሱ ጆሮ ማዳመጫ እየሰማ ይቀርጻል። ጆሮ ማዳመጫ ሳያደርግ ንግግር የሚቀርጽ ሰው ካያችሁ ቀረጻውን አስቁሙ። ይህን በድፍረት እናገራለሁ።

በዚህ ዓይነት ሥራ ሁለተኛው ከባድ ነገር ጠያቂው ነው። ሰማንያ ዓመት የሞላቸው አባት ፊት ተቀምጦ "ጋሼ፥ የታሰሩ ዕለት ማለዳ ምን ይሠሩ ነበር?" ብሎ ጠይቆ ዝም ማለት የሚችል ሰው ያስፈልጋል። ዝም ማለቱ ከመጠየቁ ይከብዳል። ብዙ ጊዜ ይህ ሰው ከውጭ አይቀጠርም፤ ከእናንተው መካከል አባቶችን የሚያውቅ፥ ቋንቋቸውን የሚናገር እህት ወይም ወንድም ይገኛል።

ቋንቋን ካነሣን አይቀር፥ በሐዋሳ እንዲህ ያለ ችግር አለ። አባቶቻችንና እናቶቻችን ልባቸው ሲነካ ከአማርኛ ወደ ሲዳሙ አፎ ወይም ወደ ወላይትኛ ይሻገራሉ። ኤዲተሩ ቋንቋውን የማይሰማ ከሆነ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ይቆርጠዋል፤ አንዳንዴም "አልካድሁም" የሚለውን የመጨረሻ ቃል ያስቀራል። እንግዲህ ወይ ቋንቋውን የሚያውቅ ኤዲተር ፈልጉ፥ ወይም ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ከኤዲተሩ ጎን እስከ መጨረሻው እንዲቀመጥ መድቡ። የግርጌ ጽሑፉንም ይኸው ሰው ይመልከተው።

የመዝሙር ክሊፕ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ድምፁ በስቱዲዮ ተቀርጾ ያለቀ ስለሆነ በቦታው ያለው ጩኸት አያሳስብም፤ ከባዱ ነገር የዳይሬክተሩ አሳብ ነው። ዳይሬክተር የምትቀጥሩ ከሆነ ቃሉን አንብቦ ምን እንዳየ አስቀድማችሁ ጠይቁት። (በከተማችን የሚቀረጹ መዝሙሮች ብዛት ያላቸው በሐይቁ ዳር ነው። ሐይቁ የጌታ ስጦታ ነው፤ ግን ስለ ምድረ በዳ የሚናገር መዝሙር ከበስተ ኋላው ውኃና አባ ኮዳ ሲታይ ትንሽ ግራ ያጋባል።) ድሮን አመጣለሁ ለሚላችሁም ከሚመለከተው የመንግሥት አካል ፈቃድ እንዳለው ወረቀቱን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ ፈቃድ የሌለው ድሮን ሲያዝ የሚጠየቀው ባለድሮኑ ብቻ አይሆንም።

ገንዘብ ለማሰባሰብ የሚዘጋጅ ቪዲዮ ከሁሉ አስቀድሞ ጸሐፊ ይፈልጋል። የእሑድ አገልግሎትን በቀጥታ ማስተላለፍ ደግሞ ለአንድ ቀን ከሚቀጠር ሰው ይልቅ በየሳምንቱ የሚገኝ ሰው ይፈልጋል፤ ለዚህ ገንዘባችሁን ወጣቶችን በሚያሠለጥን ባለሙያ ላይ ብታውሉት ይሻላል።

ባለሙያው አማኝ መሆን አለበት ወይ?

ይህ ጥያቄ በየኮሚቴው ይነሣል፤ በቀላሉም አያልፍም። ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲሠራ እንጨት በመቍረጥ እንደ ሲዶናውያን የሚያውቅ በሕዝቡ መካከል አለመኖሩን ሳያፍር ለጢሮስ ንጉሥ ነገረው (1ኛ ነገ. ምዕራፍ 5)። የናሱንም ሥራ ያሠራው ከጢሮስ አስመጥቶ ኪራም በተባለ ሰው ነው፤ እናቱ ከንፍታሌም ነገድ፥ አባቱ የጢሮስ ሰው ነበር (1ኛ ነገ. 7፥13-14)። ይሁን እንጂ የቤቱ ንድፍ፥ የታቦቱ ስፍራና የአምልኮው ሥርዓት በጢሮስ ሰዎች አልተወሰነም።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ በአገራችን ገጠሮች ሳይቀር በጀነሬተርና በነጭ ጨርቅ ለብዙ ሕዝብ የታየውን የኢየሱስ ፊልም እናስብ። በሉቃስ ወንጌል ላይ ተመሥርቶ በ1979 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበው ይህ ፊልም ከሁለት ሺህ በሚበልጡ ቋንቋዎች ተተርጉሟል፤ አማርኛም አንዱ ነው። የካምፓስ ክሩሴድ መሥራች ቢል ብራይት ስለ ጌታ ሕይወት ፊልም እንዲሠራ ለብዙ ዓመታት ሲመኝ ቆይቶ ነበር። ፊልሙን የሠራው ግን ከአገልጋዮቹ አንዱ አይደለም፤ በእንግሊዝ በፊልም ሥራ የታወቀው ፕሮዲዩሰር ጆን ሄይማን ነው። ጌታን ሆኖ የተጫወተውም ብራያን ዲከን የተባለ እንግሊዛዊ ተዋናይ ነበር። ሙያው የባለሙያዎች፥ ቃሉ የሉቃስ ሆነ።

የእኔ አስተያየት እንዲህ ነው። ካሜራ፥ መብራት፥ ድምፅና የምስል ቅንብር በሚሠሩ ሰዎች ላይ መጀመሪያ የሚፈለገው ሙያና ሐቀኝነት ነው። አማኝ ሆኖ ሙያ ያለው ከተገኘ እሰየው። ምን ይባል፥ ማን ይናገር፥ ምን ይቅር የሚለውን የሚወስን ግን የቤተ ክርስቲያን ሰው ይሁን፤ ቤተ ክርስቲያን ያልሆነችውን አስመስሎ እንዲያሳይ ማንም አይፈቀድለት። ባዶ ወንበር እንዳይታይ ተብሎ ሦስት ጊዜ የተቀመጡ አንድ ዓይነት ሰዎች ያሉበትን ቪዲዮ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል።

ስለ አማኝ ባለሙያዎችም አንድ ነገር ልጨምር። "ወንድማችን ነው፥ በነጻ ይሠራልናል" የሚለው አነጋገር ብዙ ወጣቶችን ከቤተ ክርስቲያን አርቋል። አንድ ወጣት በሰርግ የሚተዳደርበትን ቅዳሜ ትቶ ለእኛ ሲቀርጽ ውሎ "ጌታ ይባርክህ" ብቻ ተብሎ ከተሸኘ በሚቀጥለው ስልክ ባያነሣ አይፈረድበትም። ለሠራተኛ ደመወዙ እንደሚገባው 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥18 ይናገራል። በነጻ ለማገልገል ራሱ ከወደደ፥ ውሉ ላይ ዋጋው ይጻፍና እርሱ ስጦታ አድርጎ ይስጥ፤ ያን ጊዜ ምን እንደ ሰጠ ምእመኑም ያውቃል። ደግሞም በተቃራኒው "ወንድም" ስለሆነ ብቻ ቀጠሮ ሲያፈርስ፥ ፋይል ሲጠፋበት፥ ሥራ ሲያዘገይ ዝም መባል የለበትም። የሽማግሌ ወንድም ልጅ ሲሆን ደግሞ ነገሩ እንዴት እንደሚከብድ ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ዝምድና ያለው የኮሚቴ አባል በምርጫው ሰዓት ከክፍሉ ይውጣ።

ሥራውን ስትመረምሩ

ሁሉም ባለሙያ የአንድ ደቂቃ ማሳያ አለው፤ ከአሥር ዓመት ሥራው ምርጥ ምርጡን ለቅሞ፥ ኃይለኛ ሙዚቃ አድርጎበት ያሳያል። በዚያ አትመልሱት። ከእናንተ ሥራ ጋር የሚመሳሰል አንድ ሙሉ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አድምጡት። ቃሉ ሁሉ ከተሰማችሁ ቀጥሎ ድምፁን ዘግታችሁ ምስሉን ብቻ ተመልከቱ። ከዚያም "በዚህ ሥራ ውስጥ አንተ የሠራኸው የትኛውን ነው?" በሉት። በአንድ ቪዲዮ ላይ አምስት ሰው ሲሠራ አምስቱም "የእኔ ሥራ ነው" ማለታቸው የተለመደ ነው፤ ብርሃን የያዘው ልጅ ዳይሬክተር ነበርሁ የሚልበት ጊዜም አለ።

ያሠሩትን ሰዎች ደውላችሁ ጠይቁ። "ጥሩ ነው ወይ?" ብላችሁ ብትጠይቁ "ጥሩ ነው" ይሏችኋል፤ ሰው ሰውን በስልክ አያማም። ይልቅ "በቀኑ አስረክቧል? ተጨማሪ ገንዘብ ጠይቋል? ማስተካከያ ስትጠይቁት እንዴት መለሰ? እንደገና ትቀጥሩታላችሁ?" በሉ። የመጨረሻውን ጥያቄ ለመመለስ የሚወስድባቸውን ጊዜ ልብ በሉ።

ሌላው መለኪያ እርሱ እናንተን የሚጠይቀው ነው። ጥሩ ባለሙያ ዋጋ ከመናገሩ በፊት ቪዲዮው ለማን እንደ ሆነ፥ የት እንደሚታይ፥ ማን እንደሚያጸድቅ ይጠይቃል። ምንም ሳይጠይቅ "ችግር የለም፥ እንሠራዋለን" የሚል ሰው ያስፈራኛል። እናንተም "ከቀረጻ በኋላ ማታ ሜሞሪውን ምን ታደርገዋለህ?" ብላችሁ ጠይቁት። በዚያው ምሽት በሁለት ቦታ ገልብጦ፥ ሁለቱንም ከፍቶ ሳያይ ሜሞሪውን እንደማያጠፋ ከነገራችሁ ከልምድ የተማረ ሰው ነው።

ከአዲስ አበባ ቡድን ማስመጣት ይሻላል ወይ ለምትሉ፥ መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ትራንስፖርቱ፥ አልጋውና አበሉ ከሥራው ዋጋ ላይ ይጨመራል። ዝናብ ዘንቦ አንድ ቀን ቢጠፋ ሁሉም ይደገማል። ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው ምስሉን የሐዋሳ ባለሙያ እንዲቀርጽ አድርጎ፥ በከተማው የማይገኘውን አንድ ሰው ብቻ፥ ለምሳሌ የድምፅ ባለሙያውን ወይም ዳይሬክተሩን፥ ማስመጣት ነው።

ውልና ክፍያ

በወንድማማቾች መካከል ውል መጻፍ አለመተማመን የሚመስላቸው አሉ። ጳውሎስ ግን ስለ ተሰበሰበው ስጦታ በ2ኛ ቆሮንቶስ 8፥20-21 ሲጽፍ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት ነቀፋ እንዳይገኝ ተጠንቅቋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ እንደሚቆጠር ይናገራል። ሁለት ገጽ ይበቃል። ምን እንደሚሠራ፥ ስንት ደቂቃ፥ ስንት ቀን ቀረጻ፥ ማን ማን እንደሚመጣ በስም (ጌታውን አይታችሁ ቀጥራችሁ ተማሪው እንዳይላክባችሁ)፥ ስንት ጊዜ ማስተካከያ እንደሚደረግ፥ የማስረከቢያው ቀን፥ ቢዘገይ ምን እንደሚሆን፥ ያልተቆራረጠው ሙሉ ቀረጻ የማን እንደ ሆነ ይጻፍ። ሁለቱ ወገኖችና ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት።

ክፍያውን በአንድ ጊዜ አትስጡ። ሲፈረም ቀብድ፥ ቀረጻው አልቆ ቅጂው በእጃችሁ ሲገባ መካከለኛው፥ በርክክብ ቀን ቀሪው ቢሆን ለሁለቱም ወገን ይመቻል። ቀብዱ ከግማሽ በታች ይሁን። ክፍያው በባንክ፥ በስቱዲዮው ወይም በራሱ በባለሙያው ስም ባለ ሒሳብ ይግባ፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን (ቲን) ጠይቁ፥ ደረሰኝም ተቀበሉ። ለጠቅላላ ጉባኤ ሒሳብ የምታቀርቡት እናንተ ናችሁ።

አስተያየት የሚሰጠውም አንድ ሰው ይሁን። ሰባት የኮሚቴ አባላት እየተፈራረቁ ለኤዲተሩ ሲደውሉ፥ አንዱ "አጭር ይሁን" ሌላው "የእኔ ንግግር ለምን ተቆረጠ" ሲሉ፥ ጥሩ ባለሙያ እንኳ ይበላሻል። ሁሉም ተሰብስበው ይዩ፥ አስተያየቱ በወረቀት ይጻፍ፥ አንዱ ይውሰደው።

የሰው ፊትና የሰው መዝሙር

ስትመርጡት ስለዚህም ጠይቁት። ከበስተ ጀርባ የሚገባውን መዝሙር ከየት ያመጣል? በ1996 ዓ.ም. የወጣውና በ2007 ዓ.ም. የተሻሻለው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ (ቁጥር 410/1996) የዘማሪውን፥ የደራሲውንና የአቀናባሪውን ሥራ ይጠብቃል፤ "መዝሙር የጌታ ነው" ማለት ፈቃድ አይሆንም። በዩቲዩብም በዘጠና ቀን ውስጥ ሦስት የመብት ጥሰት ቅጣት የደረሰበት ገጽ ሊዘጋ ይችላል፤ የዓመታት ስብከት አብሮ ይጠፋል።

ምሥክርነት የሚሰጡ ሰዎችም በጽሑፍ ይፍቀዱ። አንዲት እህት በአዳራሽ ለሁለት መቶ ወገኖች ስለ በሽታዋ የተናገረችው ለዓለም ሁሉ እንዲታይ ፈቅዳለች ማለት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ (ቁጥር 1321/2016) የሰውን ጤናና ሃይማኖት በተለየ ጥንቃቄ ከሚያዙ መረጃዎች ይቆጥራል። ለሕፃናት ወላጅ ይፈርም። ይህን ስትነግሩት የሚሰለች ባለሙያ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

በርክክቡ ቀን

ሥራውን እዚያው ከፍታችሁ እስከ መጨረሻው ሳታዩ አትፈርሙ። የተጠናቀቀውን ቪዲዮ ብቻ ሳይሆን ያልተቆራረጠውን ቀረጻ ሁሉ በሁለት ሃርድ ዲስክ ተቀበሉ፤ በላያቸው ላይ ቀኑንና የተናጋሪዎቹን ስም ጻፉ፤ አንዱ በቢሮ፥ ሌላው በአንድ ሽማግሌ ቤት ይቀመጥ። እንከን ከሌለው ቀሪውን ክፍያ በዚያው ቀን ስጡ፤ "ገንዘብ ያዡ የለም፥ ሰኞ ና" አይባል። ከዚያም ለየአባቶችና ለየእናቶች ቤተሰብ የእያንዳንዳቸውን ሙሉ ቃለ መጠይቅ በፍላሽ ገልብጣችሁ አድርሱላቸው፤ በቪዲዮው ውስጥ የገባው ሦስት ደቂቃ ቢሆን እንኳ የተናገሩት አንድ ሰዓት ነውና።